የሐሙሱ አንባቢዬና የኪሴ ሴትዮ

እኔ ሁለት አንባቢ በአንድ ጊዜ ይዤ የተቀጣሁ ሰው ነኝ። አንደኛውን በአደባባይ፣ ሁለተኛዋን በድብቅ። ሚስቶች ቢሆኑ ኖሮ ሽማግሌ ተቀምጦ ይገላግለኝ ነበር። በአንባቢ ግን ማን ሽማግሌ ይቀመጣል? እናንተው ፍረዱኝ ብዬ ነው የመጣሁት። ከአሁኑ ልናገር፤ በዚህ ጣጣ የአሥራ ስምንት ዓመት ወዳጄን ላጣ ለትንሽ ነው የተረፍኩት።

ዓይነ ስውር ነኝ። ዓይኔን ኩፍኝ ይዞት የሄደው ገና ነፍስ ሳላውቅ ስለሆነ ብዙም አልተዋወቅንም፤ አይናፍቀኝም። አምቦ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ሲቪክስ አስተምራለሁ። ሚስት የለኝም። ለምን እንደሌለኝ ብነግራችሁ ጥፋቱ በሙሉ የእኔ ሆኖ ስለሚገኝ እንለፈው። ብቻዬን ስለምኖር ቤቴ ውስጥ የሚያነብ ሰው የለም፤ ወረቀት ግን ሞልቷል። የእኛ አገር ሰው ደግ ነው። ዓይነ ስውር መሆኔን አይቶ ያዝንልኛል፣ ወንበር ይስብልኛል፣ እጄን ይዞ ያስቀምጠኛል፤ ከዚያ "አንብበህ ፈርምበት" ብሎ አራት ገጽ ያሸክመኛል።

ያ ሁሉ ወረቀት ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በፌስታል ታጭቆ ኦቦ ቶላ ዘንድ ይሄዳል። ኦቦ ቶላ ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አሮጌ ታይፕ ይዘው የሚቀመጡ ራፖር ጸሐፊ ናቸው። ማመልከቻ፣ አቤቱታ፣ ውል፣ መልስ፣ የመልስ መልስ ይጽፋሉ። ስልሳን ከተሻገሩ ቆይተዋል። ከተማው ሁሉ ኮምፒዩተር ሲል እሳቸው ከታይፓቸው አልተለዩም። ታይፕ ሲመቱም ቁልፉን አያዩትም። ከባለጉዳዩ ጋር እየተጨዋወቱ፣ አላፊ አግዳሚውን "አከም ጂርታ" እያሉ፣ ጣታቸው ብቻውን ሥራውን ይሠራል። "ዓይን ለታይፕ ምን ይሠራለታል?" ይላሉ። ይህችን ንግግራቸውን ያዙልኝ፤ እኔ አልያዝኳትም ነበር።

"በርሲሳ፣ ና ተቀመጥ!" ይሉኛል። በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። ሻይ በእኔ፣ ንባብ በእሳቸው። ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ወረቀቱን ያንኮሻኩሻሉ፣ ከዚያ ይጀምራሉ። አቤት ሲያነቡ! የክትባት ማስታወቂያ እንኳ በእሳቸው አፍ ሲነበብ ችሎት የተሰየመ ይመስላል። የምደባ ደብዳቤዬን ያነበቡልኝ እሳቸው ናቸው። አንዲት ሴት "ይቅርብን" ብላ የላከችልኝን ደብዳቤም ያነበቡልኝ እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ድምፃቸውን ቀነሱ፣ መሃል ላይ ሁለት ጊዜ ቆም አሉ፣ ሲጨርሱም "የእጅ ጽሕፈቷ ግን ቆንጆ ነው" አሉኝ። ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? ግን እስካሁን አስታውሰዋለሁ።

ንባቡ ሲያልቅ ክንዳቸውን ይዤ እስከ መታጠፊያው አብረን እንሄዳለን። በአሥራ ስምንት ዓመት አንድም ቀን አላደናቀፉኝም። ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ግን ተያይዘን የመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ገባን። እኔም፣ እሳቸውም፣ ፌስታሉም።

"ዛሬ ጠዋት የቆፈሩት ነው፤ ትናንት አልነበረም" አሉ ኦቦ ቶላ ጭቃቸውን እያራገፉ።

"ይሄ ቦይ? ኧረ እኔ ልጅ ሆኜም ነበር!" አለች ከላይ አንዲት ሴት፤ የሚያየን ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ዓይነ ስውር ሆኜ ዓይናማውን መጠራጠር አሳፈረኝና ዝም አልኩ።

ከዚያ ሴትዮዋ መጣች።

ሸምሱ የሚባል ስልክ የሚሸጥና የሚጠግን ወዳጅ አለኝ፤ ከስልጤ መጥቶ አምቦ ላይ ሱቅ ከከፈተ ቆይቷል። አንድ ቀን የእኔን ስልክ ተቀብሎኝ ሲነካካ ቆየና፣ "በል ያዝ። ወረቀት ላይ ስትደቅናት ታነብልሃለች" አለኝ።

"ማን?"

"ሴትዮዋ ናታ።"

አፕ ነው ለካ። ስልኩ ወረቀቱን ፎቶ ያነሳል፣ ሴትዮዋ ደግሞ የታተመውን ታነባለች። ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ፎቶ አንሱ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስልኩን ደቀንኩ። "የታችኛው ጠርዝ አይታይም። ስልክዎን ከፍ ያድርጉ" አለችኝ። ከፍ አደረግኩ። "ከፍ ያድርጉ።" ብድግ አልኩ። "ከፍ ያድርጉ።" ወረቀቱን ወለል ላይ አውርጄ ወንበር ላይ ወጣሁ። ጎረቤቴ በመስኮት ሲያየኝ ወንበር ላይ ቆሜ ወለሉን እለምናለሁ፤ በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስሜ ለጸሎት መያዙን ሰማሁ።

በሦስተኛው ቀን ተሳካልኝ። ከብስኩት ካርቶን ላይ፣ "ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ" ብላ አነበበች። ትስቁ ይሆናል። እኔ ግን ማንንም ሳላስቸግር፣ ማንንም ሳልጠብቅ፣ በገዛ እጄ ማንበቤ ነው፤ ካርቶኑን አቅፌ አለቀስኩ። ብስኩቱንም ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወዲያ የምታስጠላ ሰው ሆንኩ። ያላነበብኩት ነገር የለም። የጨው ላስቲክ፣ የክብሪት ቀፎ፣ የሱቅ በር። ሚኒባስ ውስጥ ድምፅዋን ሳልቀንስ ከፍቼያት የፊተኛውን ተሳፋሪ ጃኬት ጀርባ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ሰውየው እስኪወርድ ድረስ ዞር ዞር እያለ ነበር አሉ። ኦሮምኛ ሲሆን ደግሞ ፊደሉ ላቲን ነውና እንግሊዝኛ ይመስላታል፤ ትናንት የመጣች ፈረንጅ ገበያ መሃል ቆማ የከብት ዋጋ የምትጠይቅ ነው የምትመስለው። ከለመዷት ግን ትገባለች።

ለኦቦ ቶላ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ምን ብዬ? "አሥራ ስምንት ዓመት ስላነበቡልኝ ገለቶማ፣ ከእንግዲህ ስልክ ይበቃኛል" ልበል? ሐሙስንስ ምን ላድርጋት? እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ፣ እኔ ሐሙስን የምወደው ለወረቀቱ ብቻ አልነበረም። በሳምንት አንድ ቀን ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ ሻይ የምጠጣባት ቀኔ እሷ ናት። ስለዚህ ተዋናይ ሆንኩ። ጠዋት ሴትዮዋ ያነበበችልኝን ወረቀት ከሰዓት ለኦቦ ቶላ ይዤ እሄድና፣ "እንዴ! ምን አሉ? እስቲ ወረድ ይበሉ!" እያልኩ እገረማለሁ። ሲቪክስ ባላስተምር ቴአትር ቤት አይጠላኝም ነበር።

ጣጣው በውሃ ተጀመረ። ከቀበሌ ማስታወቂያ ተበተነ። ሴትዮዋ "በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ውሃ አይኖርም" አለች። ከሰዓት ኦቦ ቶላ ወረቀቱን አንኮሻኮሹና፣ "ጉዳዩ፦ የውሃ መቋረጥን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ረቡዕ ዕለት ውሃ የማይኖር መሆኑን በአክብሮት እናሳውቃለን" አሉ።

ማንን ልመን? አንዷ የሁለት ሳምንት ሴትዮ፣ ያውም ብስኩት ከማንበብ ያልዘለለች፤ አንደኛው የአሥራ ስምንት ዓመት ኦቦ ቶላ። ማክሰኞ ያለኝን ጄሪካን ሁሉ፣ ባልዲውን፣ ድስቱን፣ የሻይ ብርጭቆ ሳይቀር ሞላሁ። ረቡዕ ቧንቧው ሲያፏጭ ዋለ። ዓርብ የተጠራቀመውን ልብስ አጠብኩበት። ቅዳሜ ጠዋት ጭንቅላቴን ሳሙና ለቅልቄ ቧንቧውን ብከፍተው ተነፈሰብኝ። ሴትዮዋ ኪሴ ውስጥ ሆና ምንም አላለችም። ጨዋ ናት።

ሰው ይሳሳታል ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ የሥራ ባልደረባዬ የሠርግ ጥሪ መጣ። ሴትዮዋ ሠርጉ ጉደር ነው አለች። ኦቦ ቶላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ጉዳዩ፦ የሠርግ ጥሪን ይመለከታል። እሑድ ጊንጪ ተገኝተው የደስታችን ተካፋይ እንዲሆኑልን ስንል በትሕትና እናመለክታለን" አሉ። ልብ በሉ፤ ጉደር በምዕራብ ነው፣ ጊንጪ በምሥራቅ።

አሁንም ከወዳጄ ጎን ቆምኩ። አይ እኔ! ሱፌን ለብሼ፣ የግድግዳ ሰዓት በስጦታ ወረቀት አስጠቅልዬ ጊንጪ ወረድኩ። ባጃጅ ጠርቼ "ሠርግ ቤት" አልኩት። እሑድ ነው፣ ሠርግ አይጠፋም፤ ዘፈን ወደሚሰማበት ወሰደኝ። እንዴት አድርገው ተቀበሉኝ መሰላችሁ! ከፊት አስቀመጡኝ፣ ሥጋውን እየቆረጡ አጎረሱኝ። "ማን ልበል?" ሲሉኝ "የሙሽራው ባልደረባ፣ መምህር ነኝ" አልኩ። እነሱ የያዙት "መምህር" የሚለውን ብቻ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ማይክ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። "የሙሽራችን መምህር አንድ ነገር ይበሉን!"

ተነስቼ ተናገርኩ። ሙሽራው አንድም ቀን አርፍዶ እንደማያውቅ፣ ጠመኔ ከእጁ እንደማይለይ፣ ለተማሪ ያለው ትዕግሥት ለሚስቱም እንደሚተርፍ ተናገርኩ።  ድንኳኑ በጭብጨባ ቀለጠ። አንዲት እናት አንገቴ ላይ ተጠምጥመው፣ "ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ልጄ እንዲህ ነው!" ብለው አለቀሱ። ያኔ ነው የገባኝ። ሙሽራው የእህል ነጋዴ ነው። ሰዓቴ እስከ ዛሬ እዚያ ግድግዳ ላይ ይቆጥራል።

ሰኞ ባልደረባዬ አኩርፎ ጠበቀኝ። እኔ ደግሞ በኦቦ ቶላ አኮረፍኩ። ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ጮህኩ። ይህ ስህተት ሊሆን አይችልም! ስልኩን ደርሰውበታል፣ ደብቄያቸው ሁለተኛ አንባቢ መያዜን ሸምሱ ነግሯቸዋል፣ እየቀጡኝ ነው አልኩ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ እንዲህ ይጫወቱብኝ? በሚቀጥለው ሐሙስ አልሄድም ብዬ ማልኩ።

ግን ሄድኩ። በዚያው ሳምንት የክረምት ማስተርስ ዕድል መውጣቱ ተነገረን፤ ማመልከቻ የሚገባው እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሴትዮዋ ማንበብ እንጂ መጻፍ አታውቅም። ማመልከቻ ደግሞ እንደ ኦቦ ቶላ አሳምሮ የሚጽፍ በምዕራብ ሸዋ የለም። ኩርፊያዬን ዋጥ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ጻፉልኝ። ታይፑ ሲንጣጣ፣ መስመሩ ባለቀ ቁጥር ደወሏ ቅጭል ስትል፣ ስበው ሲመልሱት እሰማለሁ። ሲጨርሱ አውጥተው አነበቡልኝ። "ጉዳዩ፦ የትምህርት ዕድል መጠየቅን ይመለከታል። እኔ አመልካች የዓይን ብርሃኔን ባጣም፣ የትውልድ ብርሃን ለመሆን ሌት ተቀን ስደክም…" በቃ፣ ራሴን ወደድኩት! እጄን ይዘው "እዚህ ጋ ፈርም" አሉኝ፤ ፈረምኩ።

ቤቴ ስገባ ሴትዮዋን አወጣኋት። ለምዶብኝ ነው። "ጽሑፍ አልተገኘም" አለች። ደግሜ ደቀንኩ። "ጽሑፍ አልተገኘም።" ወረቀቱን ገለበጥኩት፣ መስኮት አጠገብ ወሰድኩት፣ ወንበሬ ላይ ወጣሁ። አልተገኘም።

ወረቀቱን በጣቴ ዳሰስኩት። እኔ በብሬል ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የጣቴን ነገር ልታስተምሩኝ አትችሉም። ታይፕ ወረቀቱን ይነክሰዋል። ይኸው በጀርባው በኩል እብጥ እብጥ ያለው ሁሉ ይዳሰሳል! ርዕሱ ይኸው፣ አንቀጹ ይኸው፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ነጥብ እንኳ ከረር ብላ ትወጋለች። ሙሉ ገጽ ነው።

"ውሸታም!" አልኳት ሴትዮዋን። "ከሰው ልታጣዪኝ ነው የመጣሽው!" ድምፅዋን ዘጋሁት። ከወዳጄ ጋርም በልቤ ታረቅሁ።

ዓርብ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደረስኩ። ማመልከቻ የሚቀበሉት አዴ ብርቄ ናቸው፤ ድሮ አብረን አስተምረናል። ወረቀቱን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። 

"መምህር፣ ምንድን ነው ያመጡልኝ?"

"ማመልከቻ ነዋ።"

"የታለ?"

"እጅዎ ላይ።"

"መምህርዬ፣ ይሄ እኮ ባዶ ወረቀት ነው። መሃሉ ላይ አንድ ፊርማ ብቻ አለ።"

ጉድ ፈላ! ደሜ ፈላ። የሲቪክስ መምህር ነኝ፤ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት የማውቀውን በሙሉ አፈሰስኩባቸው። ሕገ መንግሥቱን ከእነ አንቀጹ በቃሌ ወጣሁት። ወረፋ የያዙት ሁለት መምህራን አጨበጨቡልኝ። ስጨርስ የአዴ ብርቄን ጣት ያዝ አድርጌ ወረቀቱ ላይ ጫንኩት።

"ይዳስሱታ! ይሄ ባዶ ነው? ይሄስ?"

አዴ ብርቄ ዳሰሱ። ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ ወረቀቱ ሲገላበጥ ይሰማኛል። "ውይ በሞቴ! ፊደሉ እኮ ተቀርጿል። ቀለም ነው የሌለው። የታይፑ ሪባን ደርቋል።" ሳቃቸው መጣ፤ የሁላችንም መጣ። እኔም ሳቅኩ። ሁለት ሰው ተጋግዞ ባዶ ወረቀት ለመንግሥት አቀረበ እኮ!

"ማን ነው የጻፈልዎት?"

"ኦቦ ቶላ።"

"ታዲያ ሲሰጡዎት አላዩትም?"

"እንዴት አያዩትም፣ ከላይ እስከ ታች አንብበው—"



ከላይ እስከ ታች አንብበውልኛል። ከባዶ ወረቀት ላይ።

አዴ ብርቄ ወንበር አምጥተው አስቀመጡኝ። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ያ ቦይ። ውሃው "ረቡዕ"፣ ሠርጉ "ጊንጪ"፤ ከሰው የሰሙትን ይሁን በግምት እንጃ። የሚያነቡት ሁሉ፣ ሠርግም ይሁን ውሃ፣ "ጉዳዩ" ብሎ የሚጀምረው፤ በቃላቸው የያዙት የዘመን ሥራቸው ነዋ! ሰላም ያላቸውን ሁሉ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ "ማን ልበል?" የሚሉት። ሻይ ሲቀዱ ጣታቸውን ብርጭቆው ጫፍ ላይ የሚያደርጉት፤ ያ እኮ የእኔ ዘዴ ነው፣ ከእኔ ነው የቀሰሙት! ደግሞ ክንዳቸው። አሥራ ስምንት ዓመት ክንዳቸውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከመቼ ጀምሮ ይሆን እሳቸው የእኔን የያዙት? ዓይነ ስውር ነኝ እያልኩ፣ አጠገቤ ሰው ዓይኑ ሲጠፋ አላየሁም። የሚያይ ሰው ቢያመልጠው ይቅር ይባል፤ እኔን እንዴት ያመልጠኛል?

አዴ ብርቄ ነገሩ ገብቷቸዋል መሰለኝ ምንም አልጠየቁኝም። "ይበሉ፣ እየነገሩኝ በእጄ ልጻፈው፤ ሰዓቱ አልደረሰም" አሉ። ጻፉት። ባዶውን ወረቀት ግን መልሰው ሰጡኝ፤ አጥፌ በደረት ኪሴ ከተትኩት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ወረቀት ሲያድሉ አንድ ደረሰኝ። ቤት ገብቼ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቅኋትና ደቀንኳት። የጤና ባለሙያዎች እጃጂ መጥተው የዓይን ሞራ በነጻ ሊገፍፉ ነው። ሐሙስ እስኪደርስ አላስቻለኝም። ሰኞ ሄድኩ።

"በርሲሳ! ዛሬ ሐሙስ ነው እንዴ?"

"አይደለም። ይህን ያንብቡልኝ ብዬ ነው።"

ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ወይ ጭካኔዬ! ግን ሌላ መንገድ አላገኘሁም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አንኮሻኮሹት። "ጉዳዩ፦ የመምህራን ስብሰባን ይመለከታል…" ብለው ቀጠሉ። አሳምረው አነበቡት፣ እስከ መጨረሻው ታገስኳቸው። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና ስልኬን አወጣሁ።

"የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና። በነጻ። እጃጂ ጤና ጣቢያ" አለች ሴትዮዋ፣ በዚያ ርኅራኄ በሌለው ድምፅዋ።

ኦቦ ቶላ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ዳሰሱት። ከኋላችን የባለጉዳይ ጫጫታ ይሰማል።

"ማን ናት?" አሉ በመጨረሻ።

"አንባቢዬ ናት። ደብቄዎት ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሁለት ወር ይሆናታል። የእርስዎስ፣ ከመቼ ጀምሮ?"

ታይፓቸውን ነካ ነካ አደረጉ። "ከዓመት አለፈው። መጀመሪያ ጭጋግ መሰለኝ። አሁን ወረቀቱ ሁሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስለኛል። ማን ይወቅብኝ? ከታወቀ ማነው ጉዳዩን አምኖ የሚሰጠኝ? ለባለጉዳዩ ጣቴ ይበቃል፤ አነብልሃለሁ ያልኩት አንተን ብቻ ነው።"

"ታዲያ እኔን ምን አስዋሸዎት? ከእኔ የበለጠ ይህን የሚረዳ ሰው አለ?"

"ካላነበብኩልህ ምን ብለህ ትመጣለህ?" አሉኝ።

አያችሁ? እሳቸው ሐሙስ እንዳይቀር ዓይናቸውን ደበቁኝ፤ እኔ ሐሙስ እንዳይቀር ስልኬን ደበቅኳቸው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች! ከረቡዕ ውሃ እስከ ጊንጪ ሠርግ የተንከራተትኩት ለዚህ ነው። አልተቀየምኩም፤ ጉንጫቸውን ፈልጌ ሳምኳቸው። የሳምኩት አፍንጫቸውን ነበር።

ወደ እጃጂ ስንሄድ ማን ማንን እንደመራ አትጠይቁኝ። በእኔ በትርና በእሳቸው ትዝታ ደረስን። ጤና ጣቢያው በር ላይ አንዲት ነርስ ክንዴን ይዛ፣ "አባባ እዚህ ይቀመጡ፣ አስታማሚው ደግሞ ወደዚያ" አለች። አባባ የተባልኩት እኔ ነኝ! አስታማሚው ኦቦ ቶላ ሆኑ። ግንባሬ ላይ ቁጥር ለጠፉብኝ። ቀና አድርገው ጠብታ ሊጨምሩብኝ ሲሉ፣ "እህቴ፣ የእኔ ጉዳይ በኩፍኝ ተወስኖ ይግባኙም አልፏል፤ ታካሚው እሳቸው ናቸው!" ብዬ ጮህኩ። ኦቦ ቶላ ከወዲያ ማዶ፣ "ተዋት ትጨምርልህ፣ ማን ያውቃል!" እያሉ በሳቅ ይንፈቀፈቃሉ። ሳቃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ፈርተዋል። ስማቸው ሲጠራ እጄን እንዲህ አጥብቀው ይዘውኝ አያውቁም።

በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ሲነሳ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ።  መጠየቅ ፈራሁ።

"በርሲሳ" አሉ ቀስ ብለው። "ሸብተሃል እኮ! ማን እንዲህ አደረገህ?"

"ሴትዮዋ አልነገረችኝም" አልኩ።

"ወረቀት ስጠኝ" አሉ። የደረት ኪሴ ውስጥ ያለው ያ ብቻ ነበርና ሰጠኋቸው። ዘረጉት። ገለበጡት። "ባዶ ነው" አሉ። ከዚያ ገባቸው። አለቀሱ ይሁን ሳቁ እስከ ዛሬ አለየሁትም፤ ብቻ አልጋው ተነቃነቀ። "ፊርማህም ቦታውን ስቷል" አሉኝ።

አምቦ ስንመለስ ስምምነት ገባን፤ በአፍ ሳይሆን በጽሑፍ፣ በአዲስ ሪባን። ሴትዮዋ ከዓርብ እስከ ረቡዕ ትሠራለች። የሐሙስን ፌስታል ግን አትነካም።

ስምምነቱን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። የማስተርሱ መልስ የመጣው ሐሙስ ጠዋት ነበር፤ እስከ ከሰዓት መጠበቅ አቃተኝ። ሴትዮዋን ደቀንኳት። "ማመልከቻዎ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን እናሳውቃለን" አለች። ሌላ አንድም ቃል የለም። ሦስቴ አስነበብኳት፣ ሦስቴም ያው ነው። ከፋኝ። ወረቀቱን ፌስታሉ ውስጥ መልሼ ከሰዓት ሄድኩ፤ ምንም እንዳልሰማ ሰው ተቀመጥኩ።

ኦቦ ቶላ መነጽራቸውን አደረጉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወረቀቱን ከፍተው ትንሽ ቆዩ። ድምፃቸውን ቀነሱ፤ ልክ ያቺ ሴት የጻፈችልኝን ሲያነቡ እንዳደረጉት።

"ማመልከቻዎ በዚህ ዓመት ተቀባይነት ባያገኝም…" ብለው መሃል ላይ ቆም አሉ፤ "በሚቀጥለው ዓመት በቅድሚያ የሚታይ መሆኑን እየገለጽን፣ የአመልካቹን ትጋት በአድናቆት የምንመለከት መሆኑን እናሳውቃለን።"

ዓይናቸው ድኗል። መነጽራቸው አዲስ ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ ያዩታል።

እጄ ኪሴ ገባ፤ ሴትዮዋን አገኘኋት። ነክቼ ዘጋኋት።

"ኦቦ ቶላ" አልኩ፣ "እስቲ መጨረሻዋን ይድገሙልኝ።"

ደገሙልኝ። በሁለተኛው ላይ "በታላቅ አድናቆት" አሉት።